ና አሸንፍልኝ

(ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ከየቤቱ ከቶታል። የመጋላው አንደኛ የፑል ተጫዋች ኑሪ በባዶ ፑል ቤቱ ውስጥ ስቲኩን እንደያዘ ቆሟል፤ የማዶው ሰፈር የከዚራ አንደኛ ተጫዋች የሺበሺ ሚስት አሰገደች የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጥታ ፊት ለፊቱ ተገትራለች።)

አሰገደች፦ አጽናናልኝ አላልኩህም። አስታምልኝም አላልኩህም። አሸንፍልኝ ነው ያልኩህ!

ኑሪ፦ ቀስ በይ አቦ! ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሰፈሩ ይሰማል።

አሰገደች፦ ይስማ። ደግሞ በዚህ ሙቀት የነቃ ሰው ካለ።

ኑሪ፦ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቀዝቃዛ ውሃ ልስጥሽ።

አሰገደች፦ ውሃህን አልጠጣም። እሺ እስክትለኝም አልቀመጥም።

ኑሪ፦ ኧረ ተይ አሰገድ። ሚስት ባሏን አትንኩብኝ ስትል ነው የማውቀው። ናና ባሌን አሸንፍልኝ የምትል ሚስት በድሬ ታይታ አትታወቅም።

አሰገደች፦ የእነሱ ባል ጤነኛ ነው።

ኑሪ፦ እኔስ ምን አልኩሽ? ሺበሺ በሽተኛ ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መትቶት እጁ አልታዘዝ ካለው ስምንት ወሩ። እኔ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም እጄ ደህና ነው። ምኑን ነው የማሸንፈው?

አሰገደች፦ በግራው ይጫወታል።

ኑሪ፦ ሰምቻለሁ።

አሰገደች፦ ሰምተሃል! ስምንት ወር ሙሉ ስትሰማ ከረምክ። የማናውቃቸው ሰዎች ብርቱካን አንጠልጥለው ጠይቀውታል። በፑል ቤታችን ደጅ አልፎ የማያውቅ ሽማግሌ እንኳ ምርኩዙን ተደግፎ መጣ። የአንተ እግር ግን ድልድዩን መሻገር አቃተው።

ኑሪ፦ እሱን አታንሺብኝ።

አሰገደች፦ እሺ፣ አላነሳም። ልወቅስህ አልመጣሁም፤ ለወቀሳ ጊዜ የለኝም። ብቻ አድምጠኝ።

ኑሪ፦ እያደመጥኩ ነው።

አሰገደች፦ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር ከአልጋው ተነስቶ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ፑል ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ቀኝ እጁን በግራ እጁ አንስቶ ጨርቁ ላይ አኖረው። ጣቶቹን አንድ በአንድ እኔ አስተካከልኩለት፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ። በዚያ በደነዘዘው እጅ ላይ ስቲኩን አስደግፎ በግራው መታ። የመጀመሪያ ቀን ነጯን ኳስ እንኳ አልነካትም። በሦስተኛው ሳምንት ማስገባት ጀመረ። እየሳቀ፣ ኑሪ። ያ ኮስታራ ሰውዬ እየሳቀ።

ኑሪ፦ ታዲያ ይኼ ደግ ነገር አይደል?

አሰገደች፦ ደግ ነበር፣ ሰዉ ደግ ባይሆን ኖሮ።

ኑሪ፦ እንዴት ማለትሽ ነው?

አሰገደች፦ ማሸነፍ ጀመረ። ሰኞ አሸነፈ። ማክሰኞ አሸነፈ። የከዚራን ተጫዋች ተራ በተራ ጣላቸው። «ሺበሺ በግራውም ያው ሺበሺ ነው!» ተባለ፣ ተጨበጨበ። እኔ ስቲክ ይዤ ባላውቅም የፑል ቤታችን ጥግ ላይ ተቀምጬ ነው ያረጀሁት፤ ኳስ የሚስት ሰውና ለመሳት የሚለፋ ሰው ይለዩኛል። ጥቁሯ ኳስ ከቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ፣ ቢያስነጥሱባት የምትገባዋን ይስቷታል። ስተው ደግሞ «ውይ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። ቲያትር ቤት ነበር የሚገባቸው።

ኑሪ፦ አዘኑለት።

አሰገደች፦ አዘኑለት። እኔም ዝም አልኩ፤ ደስ ብሎታልና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እሱም ሳያውቅ አልቀረም፣ ማወቁን አልፈለገውም እንጂ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አውራሪስ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ጥቁሯን ማስገባት ብቻ ሲቀረው፣ ዓይናችን እያየ መምቻዋን ነጯን ራሷን ቀዳዳ ውስጥ ከተታት። ሆን ብሎ። ሺበሺ አየው። ሰውየውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ስቲኩን ግድግዳው ላይ አደገፈና ወደ ጓዳ ገባ።

ኑሪ፦ ምንም ሳይናገር?

አሰገደች፦ ለእኔ ተናገረ። «አሰገድ፣ ስትሮኩ የመታኝ ቀን አልሞትኩም፤ ዛሬ ሞትኩ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ስቲክ አልነካውም። ሰው ሲመጣ «ተኝቷል በይልኝ» ይላል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቀኑ ይመሻል። ቀለሙን ያስቀባሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ ምን እንደሚያነብበት እንጃ።

ኑሪ፦ አላህ ያሽረው።

አሰገደች፦ አሜን። አላህም ያሽረው፣ እመብርሃንም ትማረው፣ አንተ ደግሞ ተነስ።

ኑሪ፦ ዛሬ?

አሰገደች፦ ዛሬ። የራሱን ጠረጴዛ፣ ያንን ማንንም ሳያስነካ በገዛ እጁ ጨርቅ የሚያለብሰውን፣ ሐረር ላለ ሆቴል ሰጠው። «ከዓይኔ ይጥፋልኝ» ብሎ። በአሥር ሰዓት መኪናው ሊጭነው ይመጣል። ጠረጴዛው ከዚያ በር ከወጣ፣ እሱንም እንደወጣ ቁጠረው።

ኑሪ፦ እሱ ነው የላከሽ?

አሰገደች፦ ጥርሴን ልነቀል ሄድኩ ብዬው ነው የወጣሁት! ወደ አንተ እንደመጣሁ ቢያውቅ በዚያ በደህናው እጁ ያንቀኝ ነበር።

ኑሪ፦ አየሽ? እሱ ራሱ አይፈልገውም።

አሰገደች፦ የማይፈልገውን ሁሉ ብተውለት ኖሮ ድሮ በረሃብ ሞቶ ነበር።

ኑሪ፦ አሰገድ፣ ይኼ ጨዋታ ያልተጻፈ ሕግ አለው። በአንድ ከተማ ውስጥ ጎበዝ ከጎበዝ አይጋጠምም። በየትም አገር ብትሄጂ ያው ነው።

አሰገደች፦ ሕጉን ማን አወጣው?

ኑሪ፦ ፍርሃት ነዋ! ያወጣው ፍርሃት ነው። እኛ ግን መከባበር ብለን ስም አወጣንለት።

አሰገደች፦ እንኳን ተናዘዝክ።

ኑሪ፦ ቆይ፣ ልንገርሽ። ደካማ ብገጥም አሸንፋለሁ፣ ስሜ ባለበት ይቆያል። ከናዝሬት የመጣ እንግዳ ቢያሸንፈኝ፣ በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ሽንፈቴንም ይዞልኝ ይሄዳል። ሺበሺ ግን የትም አይሄድም። አንዴ ካሸነፈኝ፣ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ያሸነፈኝ ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። ማታ ስተኛም አለ።

አሰገደች፦ ብታሸንፈውስ?

ኑሪ፦ እሱ ይብሳል።

አሰገደች፦ ማሸነፉ?

ኑሪ፦ ካሸነፍኩት ማን ቀረኝ? አሁን እዚህ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ከደቻቱ ማዶ አንድ ሰው አለ እላለሁ። አንዷን ኳስ ስመታ ሦስተኛዋን እያሰብኩ እንደሆነ የሚገባው አንድ ሰው። ሌላው ያጨበጭብልኛል እንጂ ምን እንዳደረግኩ አያውቅም። ያን አንዱን ካሸነፍኩት፣ እሱም ከሚያጨበጭቡት አንዱ ሆነ ማለት ነው።

አሰገደች፦ እና እንዳላጣው ብለህ ሃያ አንድ ዓመት አጣኸው።

ኑሪ፦ እንደሱ ስትይው ሞኝ እመስላለሁ።

አሰገደች፦ እንደሱ ሳልለውም ያው ነህ። የባቡር ሠራተኞች ክበብ ውስጥ በአንድ ስቲክ እየተፈራረቃችሁ አይደለም እንዴ የተማራችሁት? እሱ የጋራዡን ቅባት ሳይታጠብ፣ አንተ የብየዳ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ትመጣለህ። የማትለያዩ ነበራችሁ። ከዚያ ሰዉ «ማነው የሚበልጠው?» አለ፤ አበቃ። ያን እሑድ መቼም አልረሳውም።

ኑሪ፦ የትኛውን እሑድ?

አሰገደች፦ የትኛውን ይላል እንዴ! ልትጋጠሙ ቀጠሮ የያዛችሁበትን ነዋ። ከከዚራም ከመጋላም ሰው ጎርፎ አዳራሹ መተንፈሻ አጣ። ሰዉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ኳሱ ተደርድሮ… እናንተ የላችሁም። ሁለታችሁም!

ኑሪ፦ ሺበሺ ወባ ይዞት ነበር።

አሰገደች፦ ወባ! በድሬ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ። ትኩሳቱን ልይ ብዬ ብገልጠው እሱ እቴ፣ ሬዲዮኑን አቅፎ ኳስ ጨዋታ ያዳምጣል። ላቡ ፍራሹን አልፎ መሬት ደርሷል። አንተስ ምን ነበር የሆንከው?

ኑሪ፦ እኔማ… ሐረር ዘመድ ሞቶብኝ።

አሰገደች፦ ማን ሞተ?

ኑሪ፦ ዘመድ ነዋ።

አሰገደች፦ ሟቹ ስም የለውም?

ኑሪ፦ ማንም አልሞተም። ሐረር ልሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደንገጎ ዳገት ላይ ወረድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከተማውን ቁልቁል ሳይ ዋልኩ። «አሁን ሺበሺ ስቲኩን ይዞ ቆሟል። አሁን ሰዓቱን ያያል። አሁን ፈሪ ነው ይለኛል» እያልኩ። ማታ ተመልሼ እሱም እንደቀረ ስሰማ፣ ወላሂ አሰገድ፣ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

አሰገደች፦ ሄደህ አትነግረውም ነበር?

ኑሪ፦ ምን ብዬ? «እኔም ፈርቼ ነው» ብዬ? ከዚያ በኋላማ መንገድ ላይ ስንተያይ ከሩቅ እጅ ማንሳት ሆነ። እሱ እጁን ያነሳል፣ እኔ አነሳለሁ፤ እሱ በዚያ ይታጠፋል፣ እኔ በዚህ። ሰዉ «እንዴት ቢከባበሩ ነው!» ይላል።

አሰገደች፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንደኛ ነህ፣ አንደኛ ነው፤ የለካችሁ የለም። ለመሆኑ ይኼ አንደኝነት ምን ያደርግልሃል?

ኑሪ፦ ምን ያደርግልኛል… ከእኔ ጋር የሚጫወት የለም። ይኸው ነው የሚያደርግልኝ። የሚደፍር ቢገኝ «ሦስት ኳስ ልቀቅልኝ» ይላል። ሦስት ለቅቄለት አሸንፈዋለሁ፤ አራት ይላል። አራት ለቅቄለት ካሸነፍኩት ሁለተኛ አይመጣም። እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ አንዱ የሌላውን ስቲክ ይነቀንቃል። እኔ ስቆም ዝም ይላሉ። መምህር የገባ ነው የሚመስላቸው። ሚስቴ ፋጡማም ልጃችን ዘንድ ጅጅጋ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ምሳዬን እንኳ እዚሁ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው የምበላው።

አሰገደች፦ ጨርቁ ላይ ወጥ ታፈሳለህ?

ኑሪ፦ ደረቅ ነገር ነው የምበላው።

አሰገደች፦ ያሳዝናል።

ኑሪ፦ ጨርቁ?

አሰገደች፦ አንተ እንጂ። ኑሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ እንዳትዋሸኝ። ከመግባቴ በፊት በበሩ ስንጥቅ አይቼሃለሁ። ለምንድነው በግራህ የምትመታው?

ኑሪ፦ እ… እንዲሁ ነው። ሙቀቱ ሲሰለቸኝ።

አሰገደች፦ ኑሪ።

ኑሪ፦ አምስት ወር ሆነኝ። በቃ ነገርኩሽ። በዚህ ሰዓት ሰው ስለሌለ በሩን ገርበብ አድርጌ በግራዬ እመታለሁ። ቀኝ እጄን እንደሞተ አድርጌ ጨርቁ ላይ እጥለዋለሁ፣ እሱ እንደሚያደርገው ሰምቼ። እንዴት እንደሆነ ልወቀው ብዬ ነው። አሰገድ፣ የሰው እጅ ነው የሚመስለው። ዓይኔ «እዚህ ጋ» ይለዋል፣ እጄ «የት ጋ?» ይላል። ልጅ ሆኜ ያስገባኋትን ኳስ ስስታት፣ አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘጋሁት።

አሰገደች፦ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ? እሱ እዚያ ማዶ በግራው ብቻውን፣ አንተ እዚህ ማዶ በግራህ ብቻህን። በመካከላችሁ ያለው እኮ ውሃ የሌለው ወንዝ ነው!

ኑሪ፦ እንግዲያው መላ መጣልኝ። በግራዬ ልግጠመው! አምስት ወር ተለማምጃለሁ፤ እሱም ያን ያህል ነው። እኩል እንሆናለን። ማንም ማንንም አያማም።

አሰገደች፦ አይሆንም።

ኑሪ፦ ለምን አይሆንም?

አሰገደች፦ የጾመና የተራበ አንድ ናቸው? ሁለቱም አልበሉም፤ ግን የጾመው ማታ ገበታ ይጠብቀዋል። አንተ በፈለግህ ሰዓት ቀኝህን ታነሳለህ። ሺበሺ ደግሞ ያውቃል። ይኼም ያው ማዘን ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ። አውራሪስ አንዲት ኳስ ለቀቀለት፤ አንተ ሙሉ እጅህን ልትለቅለት ነው።

ኑሪ፦ በቀኜ ከገጠምኩት አንድ ጊዜ እንኳ አይመታም! ከተሳካልኝ ሁሉንም አስገብቼ፣ ጥቁሯንም አስገብቼ፣ እሱ ስቲኩን እንደያዘ ያልቃል።

አሰገደች፦ ይለቅ።

ኑሪ፦ ሰው ፊት?

አሰገደች፦ ሰው ፊት። የዋሹት ሰው ፊት ነው፤ እውነቱም ሰው ፊት ይሁንለት።

ኑሪ፦ ከተማው ምን ይለኛል? «ሃያ አንድ ዓመት ሲሸሸው ኖሮ፣ ሲወድቅ ጠብቆ መጣበት» ይላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ምሳሩ ኑሪ ሊሆን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ውሻውም ኑሪ። እዚሁ መጋላ፣ በገዛ ሰፈሬ፣ ሻይ አብሮኝ የሚጠጣ አላገኝም። አሰገድ፣ አንቺ ጨዋታ አይደለም የጠየቅሽኝ። ስሜን ነው የጠየቅሽኝ።

አሰገደች፦ አዎ፣ ስምህን ነው። ሌላ ነገር ቢኖርህ ሌላ እጠይቅህ ነበር።

ኑሪ፦ ጨካኝ ነሽ።

አሰገደች፦ ስምንት ወር አስታም፣ እናይሃለን። እሺ በለኝ፣ ወይ እምቢ በለኝና ልሂድ። ባጃጁ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ኑሪ፦ የማልመጣው ለስሜ ብቻ አይደለም።

አሰገደች፦ ሌላ ምን አለ?

ኑሪ፦ ለምን አልጠየቅከውም አልሽ አይደል? ሆስፒታል መጥቻለሁ። በአምስተኛው ቀን። መስኮቱ ድረስ መጣሁ። አንቺ በማንኪያ ሾርባ ታጎርሽው ነበር፤ በዚህ በኩል ይፈስበታል፣ በፎጣ ትጠርጊለታለሽ። ተመልሼ ሄድኩ።

አሰገደች፦ እና? ብዙ ሰው ደንግጦ ተመልሷል።

ኑሪ፦ ደንግጬ አይደለም። አፍሬ ነው። የታመመ ዕለት አንድ ሰው በዚህ በር እየሮጠ ገብቶ «ሺበሺን ስትሮክ መታው፣ ቀኝ እጁ አይሠራም» ሲለኝ… መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ?

አሰገደች፦ ምን ተሰማህ?

ኑሪ፦ ዕረፍት። ከማዘኔ በፊት፣ «ያ ረቢ» ከማለቴ በፊት፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት። ከእንግዲህ «መቼ ትጋጠማላችሁ?» የሚለኝ የለም አልኩ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ግን ብዬዋለሁ። ያቺን ትንፋሽ ይዤ እንዴት አልጋው አጠገብ ልቀመጥ? እጄን ሲጨብጠኝ የሚያውቅብኝ ይመስለኛል። ስደቢኝ በቃ።

አሰገደች፦ ያን ውሃ አምጣው።

ኑሪ፦ ይኸው።

አሰገደች፦ አንጀቴ ተቃጥሏል፣ አልዋሽህም። በዚያች ትንፋሽ እኔ እኮ ከወደቀበት ደረጃ ሥር ከእግሩ ጫማ እያወለቅኩ እጮህ ነበር። አንተ እዚህ ተገላገልኩ ትላለህ።

ኑሪ፦ ይቅር በይኝ።

አሰገደች፦ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ለእሱ ንገረው።

ኑሪ፦ ይኼንን? ልገድለው ነው?

አሰገደች፦ ስምንት ወር ሙሉ «ደህና ነህ እኮ!»፣ «ካለፈው ሳምንት በጣም ተሽሎሃል!»፣ «ትንሽ ቀን ነው!» ሲሉት ከረሙ። አንድ እውነት የነገረው ሰው የለም። እኔም ጭምር። ይኼን ስትነግረው ሊጮህብህ ይችላል፤ ስቲክ ሊወረውርብህ ይችላል። ግን ከግድግዳው ይዞራል።

ኑሪ፦ መኪናው ቀድሞን ቢደርስስ?

አሰገደች፦ ይድረስ። ጨዋታ እየተካሄደ ጠረጴዛ የሚነቅል ወንድ በድሬ አልተፈጠረም። ሹፌሩም ወርዶ ያያል።

ኑሪ፦ ሰዉ ይኖራል?

አሰገደች፦ ጠረጴዛው ሲወጣ ለማየት ከወዲሁ ተሰብስቧል። ሰው ቀብር ይወዳል።

ኑሪ፦ እሺ፣ በግራው ቢያሸንፈኝስ? እስቲ እሱንም አስቢው። ያ ሰው እኮ ሺበሺ ነው።

አሰገደች፦ ያኔ አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ ታዞራለህ፤ እኔ ጅጅጋ ደውዬ «ፋጡማ፣ ነይ ባልሽን አስታሚ» እላታለሁ።

ኑሪ፦ ወይ አንቺ! ሳቄን አመጣሽው። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ።

አሰገደች፦ ሳቅህን በኋላ ትስቃለህ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ጫማህ የታለ?

ኑሪ፦ እዚያ፣ ከበሩ ኋላ። ቆይ፣ ቆይ። ስገባ ምን ይለኛል?

አሰገደች፦ ይሰድብሃል። ስምንት ወር ያጠራቀመው አለው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሃያ አንድ ዓመት። አንተ መልስ አትስጥ፤ ኳሱን ደርድር።

ኑሪ፦ አልጫወትም ቢልስ?

አሰገደች፦ ደርድርና ጠመኔውን ስቲክህ ጫፍ ላይ አሽ። ያን ድምፅ ሰምቶ የሚተኛ አይደለም። አውቀዋለሁ።

ኑሪ፦ እሺ ደረደርኩ። መታሁ። አልማርኩትም፤ ሰዉ ሁሉ እያየ አሸነፍኩት። ማንም አላጨበጨበም። እሱ በግራው ስቲኩን ይዞ ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ። ያኔ ምን እለዋለሁ አሰገድ? ይቅርታ ልበለው?

አሰገደች፦ ይቅርታ ካልከው በስቲኩ ነው የሚልህ!

ኑሪ፦ እና ምን ልበለው?

አሰገደች፦ «ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?» በለው።